የወንድም እጣቢ

የሶረቲ የዓሣ ጫጩቶች ሲያልቁ ይህ ሦስተኛው ዙር ነበር። ጠዋት ወደ ኩሬው ስትወርድ፣ ውሃው ሣሩን በሚነካበት ጠርዝ ላይ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ቀጫጭን ነጫጭ ነገሮች ተንሳፍፈው አየች። ጎንበስ ብላ አንዱን በጣቷ ጫፍ አነሳች። ራሱ ከሰውነቱ የገዘፈ፣ ሆዱ ከጀርባው የተጣበቀ የቆሮሶ ጫጩት ነው። በሽታ የገባበት ዓሣ ይቆስላል፣ ይቀላል፣ ክንፉ ይበላል። ይህ ግን ምንም የለበትም። የራበው ዓሣ ነው።

"እኮ ምን ጎደለባችሁ?" አለች ብቻዋን። ድምጿ ከልቅሶ ይልቅ ወደ ቁጣ ያደላ ነበር።

ኩሬዎቿ ከአዳማ ወጣ ብሎ፣ ከወንጂ መንገድ ገባ ሲሉ፣ አባቷ ሽንኩርት ያለሙበት በነበረው መሬት ላይ ያስቆፈረቻቸው ናቸው። አባታቸው ሲያርፉ መሬቱ ለሁለት ተከፍሎ የላይኛው ለታላቅ ወንድሟ ለጀቤሳ፣ የታችኛው ለእሷ ደረሰ። ከወንዙ የተጠለፈው የመስኖ ቦይ መጀመሪያ የጀቤሳን ግቢ ጥግ ጥጉን ይዞ ያልፍና ወደ እሷ ይወርዳል። ሶረቲ በዓሣ እርባታ ተመርቃ ባቱ ውስጥ ተቀጥራ ስትሠራ ቆይታ ነበር፤ ሥራውን ለቃ የመጣችው ይህንኑ ቦይ ተማምና ነው። መጀመሪያ ላይም ቦዩ አላሳፈራትም። ከመቂ፣ ከቡልቡላ፣ ከአቦምሳ ሳይቀር ኩሬ የቆፈሩ ገበሬዎች እየመጡ ጫጩት ይወስዱላት ነበር።

አሁን የሚደውሉት ለወቀሳ ነው። የቡልቡላው ነገሪ፣ የቆየ ደንበኛዋ፣ ባለፈው ሳምንት ስልኩን ስታነሳ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም ጀመረ። "ሶረቲ፣ የሰጠሽኝ ዓሣ ነው ወይስ መርፌ? በልተው አያድጉ፣ ሞተው አይገላግሉኝ። እኔ ከሌላ ቦታ ልፈልግ ነው፤ አትቀየሚኝ።"

መካሪው ግን ሞልቷል። አንዱ ዓይን ነው አላት። ሌላው ወፍ ነው አላት። ጀቤሳ ደግሞ አጥሩ ላይ ተደግፎ፣ "መኖ ጨምሪላቸው እንጂ! ሰውም ካልበላ ይሞታል" ብሏት ሄደ። ያናደዳት ይኸኛው ነው። ከእንቁላል የወጣ ጫጩት አፉ ጠባብ ስለሆነ የተፈጨ መኖ ብቻውን አያሳድገውም። ኩሬው ላይ ፍግ ይበተናል፤ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል፤ ያንን አረንጓዴ ነገር የውሃ ቁንጫ የሚባሉ፣ ከስኳር ቅንጣት የማይበልጡ፣ ዘለል ዘለል የሚሉ ፍጥረታት ይበሉታል፤ እነሱን ደግሞ ጫጩቶቹ ይበሏቸዋል። ቁንጫው ከሌለ ዓሣ የለም። ይህን ለጀቤሳ ስንት ጊዜ ነግራዋለች።

ብርጭቆ አምጥታ ከኩሬው ቀዳችና ወደ ፀሐይ አነሳችው። ድሮ እንዲህ ስታደርግ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ሁሉ የሚፈላ ይመስል ነበር። ዛሬ አረንጓዴው የሚበላው አጥቶ ወፍሯል። ቁንጫዎቹ ግን አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ ናቸው፤ የሚዘሉትም እንደ ደከመው ሰው ነው። ምግብ ሞልቶ በላተኛው የጠፋበት ምክንያት አልገባት አለ። ፍጉን ቀይራለች፤ ኩሬውን አድርቃ ኖራ ነስንሳለች፤ ወፍ እንዳይገባ መረብ ዘርግታለች። ከዚህ በላይ የምታውቀው ነገር አልቆባታል።

ክዳን ባለው የጃም ጠርሙስ ውሃውን ሞልታ፣ ጫማዋን እንኳ ሳትጠርግ፣ ባጃጅ ይዛ ወደ ማርቲ ሄደች።

ማርቲ የኮሌጅ ጓደኛዋ ስትሆን አሁን አዳማ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ተማሪዎቿ የወጡበትን ሰዓት ጠብቃ ሶረቲን ቤተ ሙከራ አስገባቻትና ከጠርሙሱ ጠብታ ወስዳ ማይክሮስኮፑ ሥር አደረገች። ደጋግማ አየች። ከዚያ ወንበሯን ለቀቀችላት።

"ነይ እይ።"

የውሃ ቁንጫ ገላዋ እንደ መስተዋት ነው፤ ልቧ ሲመታ፣ አንጀቷ ሲንቀሳቀስ ከውጭ ይታያል። ጤነኛ ከሆነች አንጀቷ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ክር ይመስላል። የዚህችኛዋ ግን እዚህም እዚያም ተቆራርጧል፤ በመሃሉ ነጭና ሰማያዊ ስብርባሪ ተሰንቅሯል።

"ይሄ ሰማያዊ ነገር ምንድን ነው?" አለች ሶረቲ ዓይኗን ሳታነሳ።

"ላስቲክ ነው። የተፈጨ ፕላስቲክ።"

"መርዝ ነው?"

"መርዝ ቢሆንማ ሁሉም ባንዴ ባለቁ። እሷ እኮ መርጣ አትበላም። ውሃውን እያጣራች በአፏ ልክ የመጣውን ሁሉ ትውጣለች። ይሄን ስትውጥ ሆዷ ይሞላል፤ የምታገኘው ግን የለም። ጀርባዋንም እይው።"

ሶረቲ አየች። ቁንጫዋ እንቁላሎቿን የምታቅፍበት ጀርባዋ ላይ ያለው ከረጢት ባዶ ነው። ማርቲ ሌላ አመጣች፤ እሷም ባዶ። ሦስተኛዋ አንዲት እንቁላል ብቻ ይዛለች።

"ለራሷ ያልበቃት ለልጅ ከየት ታመጣለች?" አለች ማርቲ።

"በቃ፣ ይሄን ጻፊልኝ። ፈርመሽ፣ ማህተም አድርገሽ።"

ማርቲ አንገቷን ነቀነቀች። "ምን ብዬ ልጻፍ? ሆዳቸው ውስጥ ላስቲክ አለ ማለት እችላለሁ። ዓሣዎችሽን የጨረሰው ይሄው ነው ብዬ ለመፈረም ግን ተደጋጋሚ ሙከራ ይፈልጋል፤ ጊዜ ይፈልጋል፤ የሌለን መሣሪያም ይፈልጋል። ሦስት ቁንጫ አይቼ ብፈርም ነገ የሚያፈርሰው ሰው አይጠፋም።"

"አይተሻል አይደል?"

"አይቻለሁ።"

"ታዲያ ያየሽውን የማትጽፊው ለምንድን ነው?"

"ያየሁትንማ እጽፋለሁ። አንቺ የምትፈልጊው ያላየሁትን ነው፣ ሶረቲ።"

ሶረቲ ጠርሙሷን አንስታ ወጣች። ጓደኛዋ እውነቷን እንደሆነ ታውቃለች፤ ማወቋም አናደዳት። ሰማያዊው ከየት እንደመጣ ለማወቅ ግን የማርቲ ፊርማ አላስፈለጋትም። በእሷና በወንዙ መካከል ላስቲክ የሚፈጭ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።

ጀቤሳ ዕድሜውን በሹፍርና የጨረሰ ሰው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት መኪናውን ትቶ የላስቲክ መፍጫ ተከለ። ቆራሌዎች ከየሰፈሩ የለቀሙት የውሃ ሃይላንድ፣ የተሰበረ ጄሪካን፣ የተቀደደ ሳፋ ግቢው ውስጥ ተራራ ሆኗል። መፍጫው ይሰባብረዋል፤ ሴቶች በገንዳ ያጥቡታል፤ ተሰጥቶ ሲደርቅ ተጭኖ አዲስ አበባ ይሄዳል። እጣቢው ቦዩ ውስጥ ይለቀቃል። በክረምት የአዳማን ቱቦዎች ደፍኖ ጎርፍ ቤት ለቤት የሚያስገባው ላስቲክ በመቀነሱ የከተማው ሰዎች ጀቤሳን በስብሰባ ላይ አስነስተው አጨብጭበውለታል። ሶረቲም ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ነበረች፤ አጨብጭባለች።

ስትደርስ መፍጫው እየጮኸ ነበር። "አካም ጅርቱ" ብላ አጣቢዎቹን ሰላም አለች። የአጣቢዎቹ አለቃ እትዬ ሸዋወርቅ እጃቸውን ከገንዳው አውጥተው፣ "ነጋ፣ ደህና ነን ልጄ። ምነው ፊትሽ?" አሏት። መልስ ሳትሰጥ ወደ ወንድሟ አለፈች።

"ጀቤሳ፣ ይሄን እጣቢ ቦዩ ውስጥ አትልቀቀው። ቁንጫዎቼን እየጨረሰብኝ ነው።"

ጀቤሳ መፍጫውን አጠፋና አያት። "ምንሽን?"

"የውሃ ቁንጫዎቼን።"

"ሰው ቁንጫ እንዲጠፋለት መድኃኒት ይገዛል፤ አንቺ በነፃ ስላጠፋሁልሽ ትቆጪያለሽ?"

ሴቶቹ ሳቁ። ሶረቲ ፊቷ ጋለ። ማርቲ ጋ ያየችውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው፤ አንጀቱን፣ ሰማያዊውን ስብርባሪ፣ ባዶውን ከረጢት። ጀቤሳ ጠርሙሱን ተቀብሏት ወደ ብርሃን አነሳ፤ አዟዟረው።

"የታለ?"

"በዓይን አይታይም።"

"የማይታይ ነገር ይዘሽ መጥተሽ ሥራ አቁም ትይኛለሽ።"

"አቁም አላልኩህም። ጉድጓድ ቆፍርለት፤ እዚያ ይዝቀጥ፤ በአሸዋ ተጣርቶ ይውረድ። ሌላ ምንም አልጠየቅኩህም።"

"እኔ ይሄን ከተማ ያጸዳሁ ሰው ነኝ፣ ሶረቲ። ሰው ሁሉ የጣለውን ነው የማነሳው። ሰው ሁሉ ሲያመሰግነኝ የገዛ እህቴ ቆሻሻ ትለኛለች?"

"አንተን አላልኩም።"

"እጣቢዬን ካልሽ እኔን አልሽ።" መፍጫውን መልሶ ሊያስነሳ እጁን ዘረጋ። "መንግሥት መጥቶ ይመርምረው። ቆሻሻ ነው ካለኝ በዚያው ቀን እቆፍራለሁ። ይኸው ቃሌ።"

ሶረቲ ቃሉን ይዛ ወደ አካባቢ ጥበቃ ቢሮ ሄደች። አለቃው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለች። ነገ ነይ ተባለች። ባለሙያው መስክ ወጥቷል፣ መኪናው ነዳጅ የለውም፣ ማመልከቻው በሁለት ቅጂ አልመጣም ተባለች። እሷ ስትመላለስ የሌሎቹ ኩሬዎች ጫጩቶችም አለቁ። በስተመጨረሻ አቶ ልዑልሰገድ የተባለ ትሁት ወጣት ባለሙያ ሻንጣውን አንግቶ መጣ። ከአጥሩ በላይና በታች ካለው የቦዩ ውሃ በሃይላንድ ቀዳ። ሙቀቱን ለካ፤ ጨውነቱን ለካ፤ አሲድነቱን ለካ፤ ውሃው ውስጥ ያለውን አየር ለካ።

"ደህና ነው" አለ። "እንዲያውም ጥሩ ውሃ ነው።"

"ላስቲኩንስ?" አለች ሶረቲ።

"ይቅርታ፣ እህቴ፣ እሱን አንለካም።"

"ለምን?"

"መመዘኛው ላይ የለም። ያልለካሁትን ደግሞ አለ ማለት አልችልም።"

"የለም ማለትስ ይችላሉ?"

አቶ ልዑልሰገድ ሻንጣውን መዝጋት ጀመረ። "የለም አልልም። ስለ እሱ ምንም አልልም" አለና ቀስ ብሎ ጨመረ፣ "እኔም የምለካበት ቢኖረኝ ደስ ይለኝ ነበር።"

ከደግነት የመጣ ንግግር ነበር፤ ሶረቲን ግን ከስድብ በላይ አሳረራት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! ማርቲ አይታ አትፈርምም። ይሄኛው ይፈርማል፣ አያይም።

ውጤቱ ሲወጣ አንድ ቅጂ ለአመልካች፣ አንድ ቅጂ ለተከሳሽ ተሰጠ። በማግስቱ ሶረቲ ከገበያ ስትመለስ የጀቤሳ ግቢ በር ላይ አዲስ ነገር ተሰቅሎ አየች። የቦዩ ውሃ "ከተቀመጠው መመዘኛ ጋር የተጣጣመ" መሆኑን የሚገልጸው ወረቀት ነው። ጀቤሳ በመስታወት አስገብቶ፣ በሚስማር መትቶ፣ አላፊ አግዳሚው በሚያነበው ቁመት ሰቅሎታል። ስትለምን የከረመችው ወረቀት ለእሱ የምስጋና ምስክር ሆኖለት አረፈው።

ዘምቢሏን እዚያው መንገድ ላይ አስቀመጠች። ወደ ግቢዋ ገብታ ለኩሬዋ ግድብ ያዘጋጀቻቸውን አፈር የተሞሉ ከረጢቶች አንድ በአንድ እየጎተተች ቦዩ ወደ እሷ በሚገባበት አፍ ላይ ደረደረች። በላያቸው ድንጋይ ጫነች። በድንጋዩ ላይ ጭቃ መረገች። እጇ ተልጦ ደም ሲወጣው እንኳ አላቆመችም። ቦዩ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ቆመ፤ ከዚያ ማበጥ ጀመረ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሰ።

ከጀቤሳ ግቢ ጩኸት ተነሳ። ሊደርቅ የተሰጣው የተፈጨ ላስቲክ በውሃ ተነስቶ ግቢው ውስጥ ይንሳፈፍ ጀመር። እትዬ ሸዋወርቅ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው እጣቢ ውስጥ እየረገጡ ወደ አጥሩ መጡ።

"ሶረቲ! ምን ነካሽ ልጄ? በሰው እንጀራ ላይ ውሃ ትለቂያለሽ?"

"የእኔስ እንጀራ፣ እትዬ ሸዋወርቅ? እኔን ማን ጠየቀኝ?"

"አንቺማ ተምረሻል፤ ሌላ ታገኛለሽ። እኔን በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል? እነዚህን ሴቶች ማን ይወስዳቸዋል?"

ሶረቲ ግን ከግድቡ አልተነሳችም። ጀቤሳ አካፋ ይዞ በእሷ በኩል ዞሮ መጣ። ከረጢቶቹን እየገለበጠ፣ ጭቃውን እየዛቀ ቦዩን ከፈተው፤ ውሃው ጮሆ ወረደ። ሊሄድ ሲል ብቻ ዞር ብሎ፣ "አባቴ ይሄን ቦይ ሲቆፍር አንቺ አልተወለድሽም" አላት።

ወዲያው አፈረች። ማፈሯም ንዴቷን አላበረደውም፤ ሁለቱም አብረው ውስጧ ተቀመጡ። ቅዳሜ ነበር። እሑድን በራቸውን ዘግተው አሳለፉ።

ሰኞ ረፋድ ላይ ጀቤሳ ከአጥሩ ማዶ ጠራት። "ነይ እስቲ" አለ። ቁጣ ያለበት ድምጽ አልነበረም።

ግቢው ውስጥ ማንም አይሠራም፤ ሴቶቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ውሃው የተኛበት መሬት ሁሉ በፀሐዩ ደርቆ ስስ ልባስ አውጥቷል። ከሩቅ ሲያዩት አመድ ይመስላል። ጠጋ ሲሉት ግን ነጭ፣ ሰማያዊ፣ አልፎ አልፎ ቀይ ብናኝ ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ያብለጨልጫል። ሣሩ ላይ አለ። የገንዳዎቹ እግር ላይ አለ። ነፋሱ መጣ ሲል ከመሬት ተነስቶ በሴቶቹ ሻሽ ላይ ያርፋል። እትዬ ሸዋወርቅ ከክንዳቸው ላይ ሊያራግፉት ይሞክራሉ፤ አይለቅም።

ጀቤሳ ቁጢጥ ብሎ መሬቱን በመዳፉ ጠረገና እጁን ገልብጦ አየው። ጣቶቹን አፋተጋቸው።

"ይሄ ሁሉ ከእኔ ነው የሚወጣው?"

"አዎ።"

"የስንት ጊዜ ነው?"

"የአንድ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ጀቤሳ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የታጠበው ብቻ።"

እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ ሱሪው ላይም ቀረ። ሶረቲ ይህችን ቀን ስትመኛት ነበር። ደስ ይለኛል ብላ ታስብ ነበር። ግን ደስታ አልተሰማትም።

"ይሄንኑ እኮ ነው የነገርኩህ!" ብላ ጮኸችበት። "ይሄንኑ! ልለምንህ መጥቼ ሴቶቹ ፊት አሳቅክብኝ!"

"አላየሁም ነበር።"

"አየሁ ብዬህ ነበር። የእኔ ማየት ምን ጎደለው?"

ጀቤሳ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ አካፋውን ፈልጎ አነሳና ጉድጓዱን ከየት ልጀምር ብሎ ጠየቃት።

ጉድጓዱ ተቆፈረ። ከሥሩ ድንጋይ፣ ከላዩ ጠጠር፣ ከላዩ አሸዋ ተደረገበት። እትዬ ሸዋወርቅና ሴቶቹም ሥራቸው እንደማይዘጋ ሲያረጋግጡ አሸዋ ተሸክመው አገዙ። እጣቢው መጀመሪያ ረግቶ፣ ቀጥሎ በአሸዋው አልፎ፣ ጥርት ብሎ ወደ ቦዩ ወረደ። ጀቤሳ በሩ ላይ የሰቀለውን ወረቀት አላወረደም። ሶረቲም አውርድ አላለችውም፤ የምትጣላበት ነገር በዝቶባት ነበር።

ማርቲ አዲሱን ውሃ አይታ፣ "በጣም ቀንሷል" አለቻት በስልክ። "ግን አለ። ደቃቁ አሸዋውንም ያልፋል። ደግሞ የኩሬዎችሽን ጭቃ ረስተሻል። ሁለት ዓመት ሙሉ የወረደው ሁሉ እዚያ ነው የተኛው። ጫጩቶቹ ወለሉን ሲቆሰቁሱት መልሶ ይነሳል።"

ሶረቲ ኩሬዎቿን አፈሰሰች። ጭቃው ሲደርቅ ፋቀችው፤ ጀቤሳም ሊረዳት መጣ። የተፋቀው ሲከመር ደግሞ ሌላ ጣጣ ወለደ። የአዳማ ነፋስ የታወቀ ነው፤ ክምሩ ገና ሳያልቅ አናቱን እየበተነ ወደ ጎረቤት ሽንኩርት ይወስደው ጀመር። በማዳበሪያ ከረጢት ሞሉት። ከረጢቱ ራሱ ላስቲክ ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ሰነባብቶ ክር ክር እያለ ይበጣጠሳል። አቶ ልዑልሰገድ ጋ ደውላ የት እንድትጥለው ጠየቀችው።

"የኩሬ ጭቃ ከሆነማ ጥሩ ማዳበሪያ ነው" አላት። "ለምን እርሻ ላይ አይበትኑትም?"

ስልኩን ዘጋችበት። ወዲያው መልሳ ደውላ ይቅርታ ጠየቀች፤ ግን መልሱ አልተለወጠም።

"ገደል እንክተተው" አለ ጀቤሳ።

"ገደሉ ሥር ወንዙ አለ።"

"እንቅበረው።"

"ከምንጠጣው የጉድጓድ ውሃ አጠገብ?"

"ታዲያ እንብላው?" አለ ጀቤሳ። ሁለቱም ሳይፈልጉ ሳቁ። ከረጢቶቹን ግድግዳ ሥር ደርድረው በቆርቆሮ ሸፈኗቸው። ዛሬም እዚያው ናቸው።

ዝናቡ ከገባ በኋላ ሶረቲ ከባቱ አዲስ የውሃ ቁንጫና አዲስ ወላድ ዓሣ አምጥታ እንደገና ጀመረች። ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ። ከፊሉ አለቀ፤ ከፊሉ ግን ወፈር ወፈር አለ። የቡልቡላው ነገሪ ሰምቶ መጣ፤ ብዙ ጊዜ ባልዲው ውስጥ እያየ ቆየና ጥቂት ብቻ ወሰደ። "እነዚህ ካደጉልኝ እመለሳለሁ" አላት። አልፈረደችበትም፤ ግን ባዶ የቀሩትን ሌሎቹን ባልዲዎቹን መልሶ ሲጭን ማየት አስጠላት።

በሳምንቱ ከኩሬው ውሃ ይዛ ማርቲ ጋ ስትሄድ ጀቤሳ አብሬሽ ልሂድ አለ። ንጹህ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፀጉሩን ተቆርጦ መጣ። ማርቲ ማይክሮስኮፑን አስተካክላ መጀመሪያ እሱን አስቀመጠችው። ትልልቅ የሹፌር እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እንዳይሰብረው እንደሚፈራ ሰው ትንፋሹን ይዞ ጎንበስ አለ።

"ትንቀሳቀሳለች!" አለ። "ልቧ ይኼ ነው? እንዴ... ምንኛ ይሮጣል!"

"ጀርባዋ ላይ ክብ ክብ ነገር ታያለህ?" አለችው ማርቲ።

"አያለሁ። ብዙ ነው።"

"እንቁላሎቿ ናቸው።"

ጀቤሳ ቀና አለ፤ ፊቱ በርቷል። ሶረቲን አያት። "በቃ፣ ድነዋል!"

ሶረቲ ቦታውን ተቀብላው አየች። እውነት ነው፤ ከረጢቷ ሞልቷል። ከእንቁላሎቹ ሥር ግን አረንጓዴው አንጀት መሃል ላይ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ተቀምጣለች። ቀጣይዋ ቁንጫ ሆድ ውስጥም አለች። ሦስተኛዋ ጥርት ያለች ናት።

"እንቁላል ይዘዋል" አለች። "ድነዋል ግን አትበል።"

"ምን ጎደለ ደግሞ?"

"አሁንም ይውጡታል። አሸዋው ሲጠግብ እንደ ድሮው መልቀቅ ይጀምራል። ስንት ጊዜ ነው የምትቀይረው?"

"ገና አሁን እኮ ነው ያደረግኩት!" የጀቤሳ ፊት ጠቆረ። "ጉድጓድ አልሽ፣ ቆፈርኩ። አሸዋ አልሽ፣ አመጣሁ። ጭቃሽን በገዛ እጄ ዛቅኩ። ምን ባደርግ ነው አንድ ቀን ጎሽ የምትይኝ?"

ሶረቲ ጎሽ ልትለው ፈልጋ ነበር። ቃሉ አፏ ድረስ መጣ፤ ግን ያቺ ሰማያዊ ነጥብ ዓይኗ ውስጥ እንዳለች ሊወጣላት አልቻለም። ማርቲ በሁለቱ መካከል ቆማ ጠብታውን በጨርቅ ጠረገች።

ሲወጡ አንድ ባጃጅ ያዙ።

"አሸዋው በሳምንት መቀየር አለበት" አለች ሶረቲ።

"በሳምንት አሸዋ ማን ያመጣልኛል? በወር።"

"በወር ከሆነ ባትቀይረው ይሻላል።"

"እሺ፣ በአሥራ አምስት ቀን።"

"በሳምንት ነው ያልኩህ።"

"ሶረቲ፣ አታድርቂኝ!"

"የወጣው አሸዋስ የት ነው የሚጣለው? እሱን አስበህበታል?"

ጀቤሳ በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። ሹፌሩ በመስተዋቱ አየት አደረጋቸውና ሙዚቃውን ከፍ አደረገው፤ እነሱም ከሙዚቃው በላይ እየጮሁ መንገዱን ቀጠሉ።